የተሻገረው ጽዋ

ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ

ዛሬ የሚካኤል ማኅበራችን ደመላሽ ቤት ዋለ። አንድ ውሳኔ ተደርጓል። በኋላ በወሬ እንዳይዛባ እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢ፣ እኔ ነኝ። ሥርዓቱ ግልጽ ነው። ወር በገባ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አንድ አባል ይደግሳል። ተበልቶ ተጠጥቶ ቄሱ ከባረኩ በኋላ የሚቀጥለው ተረኛ ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ ይነሣና ጽዋውን ይቀበላል፤ ሌላው እየዘመረ እስከ ደጁ ይሸኘዋል። የሚቀጥለው ተረኛ እንዳላማው ነበር። ለዚያውም ለኅዳር ሚካኤል፣ ለዓመቱ ትልቁ።

እንዳላማውን አራተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ገበሬ ነው። ጾረና ግንባር ዘምቶ ቀኝ ትከሻው ውስጥ ብረት ይዞ ተመለሰ፤ ያ ክንዱ ከደረቱ በላይ አይነሣም። በምርጫው ጊዜ የእኛ የዋንዛ በርና የአካባቢው ሰው መርጦ ለክልሉ ምክር ቤት ላከው። ያን ጊዜ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ዛሬ ጫካ ያሉት ታጣቂዎች «ወንበሩን ለቅቄያለሁ ብለህ ተናገር» ይሉታል፤ ከተማ ያሉት ባለሥልጣናት «አደባባይ ወጥተህ ደግፈን» ይሉታል። እሱ ለሁለቱም መልስ አልሰጠም። ከመስከረም ጀምሮ እርሻው ላይ ነው።

እንዳላማው ከብት ሊመልስ ወጣ ባለ ጊዜ ደመላሽ ነገሩን አነሣ። የኅዳር ሚካኤል ለት ያን ሁሉ ሰው እሱ ዳስ ውስጥ ሰብስቦ ማስቀመጥ ለእኛም ለእሱም አደጋ ነው አለ። ደመላሽ ወፍጮ ስላለው የማይሰማው የለም። ሰዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። ቄስ ወልደ ሩፋኤል ዝም አሉ። እኔም ተራው ለጊዜው ወደ ሌላው አባል ወደ ጌቱ ይሻገር፣ እንዳላማው አገር ሲረጋጋ ይወስዳል ብዬ ወሰንሁ። የተቃወመ የለም።

እንዳላማው ሲመለስ ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ ነበር። ለደኅንነትህ ነው ብዬ ነገርሁት። ጥቂት አየኝና «እሺ ጋሼ» አለ። ነጠላውን ፈትቶ መልሶ ትከሻው ላይ ጣለ። በግራ እጁ ብቻ ስለሚጥለው ጊዜ ወሰደበት፤ ሁላችንም ቆመን ጠበቅነው።

ጌቱን ሸኘነው። እንዳላማውም እስከ ጌቱ ደጅ አብሮን ዘመረ።

ውሳኔው ትክክል ነው።


ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

ባለቤቴ ጥሩብርሃን ሁለት ቀን ነገሩን ሳታነሣ ቆይታ ዛሬ ቁርስ ላይ ጠየቀችኝ። እስከ ዛሬ ጽዋ የተሻገረው ማን ማን ነው አለችኝ። አስቤ መለስሁላት። በሞት የተለየ ሰው አለ። ድንበር ገፍቶ ከሽማግሌ ቃል በመውጣቱ ከማኅበር የተባረረ አንድ ሰው አለ።

«እንዳላማው ከሁለቱ የትኛው ነው?»

ይህኛው የተለየ ነው አልኋት። ምክንያቱን አንድ በአንድ ዘረዘርሁላት። ሳልጨርስ ሰሐኑን አንሥታ ሄደች።


ጥቅምት 17፣ እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ ወንዶቹ እንደተለመደው በደጀ ሰላሙ ግንብ ሥር ፀሐይ ይሞቁ ነበር። እንዳላማው መጥቶ መካከላቸው ተቀመጠ። በጨዋ ደንብ ደኅንነቱን ጠየቁት። ከዚያ ከግራም ከቀኝም አንድ አንድ እያሉ ተነሡ። አንዱ በቅሎዬን ልያት ብሎ ሄደ። በቅሎ እንደሌለው አውቃለሁ።

መጨረሻ ላይ ግንቡ ሥር ብቻውን ቀረ። እግሩን ዘርግቶ ፀሐዩን ሞቀ፤ ለመነሣት አልቸኮለም።

እኔ ራቅ ብዬ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ከቄሱ ጋር እየተነጋገርሁ ስለነበር ወደ እሱ መሄድ አልቻልሁም። የቆርቆሮው ጉዳይ አጣዳፊ ነው።


ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

እህል አስፈጭቼ መጣሁ። ወፍጮ ቤት ወረፋ የያዙ ሁለት ሴቶች ያወሩ ነበር። አንዷ፣ ሚካኤልም ቤቱ አልገባም አለው አሉ አለች። ሌላዋ፣ ማኅበሩ ነዋ የለየው፣ ራሳቸው መምህር ገብረ ኪዳን ናቸው ተነሥተው ያሉት አለች። ከኋላቸው መሆኔን አላዩም።

ላርማቸው ነበር። ወፍጮው ሲጮህ ሰው ከሰው አይደማመጥም።


ጥቅምት 25፣ ሰኞ

የዘንድሮ ስንዴ ቶሎ ደርሷል። ዛሬ የእንዳላማው የወንፈል ቀን ነበር። እሱ በዚህ ወር የጌቱን ገብስ አጭዷል፣ የደመላሽን አጭዷል፣ የሌሎችንም አጭዷል። ዛሬ እነሱ የእሱን ሊያጭዱለት ነበር።

የእሱ ማሳ ከእኛ ደጅ በጅረቱ ማዶ ይታያል። ጠዋት ሦስት ሰዎች አየሁ፤ እሱ፣ ባለቤቱ የብርጓልና ልጃቸው ሶልያና። ረፋድ ላይ ቀና ብዬ ሳይ ሦስት ናቸው። ቀትርም ላይ ያው። የብርጓል ለአጫጆች ያመጣችውን ጠላ ማታ ሳይነካ በጀርባዋ አዝላ ስትመለስ አየኋት። እንስራው ከባድ ስለነበር ሁለት ጊዜ አርፋለች።

ጉልበቴን ደብረ ማርቆስ ያየኝ ሐኪም ጎንበስ እንዳልል መክሮኛል። ማጭድ ያለ መጎንበስ አይሆንም።

ሶልያና ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ወዲህ ሒሳብ እንዳስጠናት ማክሰኞና ዓርብ ትመጣ ነበር። ከማኅበሩ ቀን ወዲህ አልመጣችም። አጨዳ ስለሆነ ይሆናል።


ጥቅምት 28፣ ሐሙስ

ኮት የለበሰ ሰው ከከተማ መጣ። ጨዋ ነው፤ ስለ ጡረታዬ ጠየቀኝ። እንዳላማው በቅርቡ በሚጠራ ስብሰባ ላይ ቆሞ እንዲናገር እንድመክረው ፈለገ። እንዳላማው የሚናገረውን ራሱ ያውቃል አልሁት። ሰውየው ሲወጣ፣ እናንተም ትታችሁታል አሉ፣ እንግዲህ ከእኛ በቀር ማን ቀረው አለኝ።

እነሱም ሰምተዋል ማለት ነው።

ውሳኔው እንዴት እንደተደረገ ከላይ ጽፌያለሁ። መልሼ አነበብሁት። ስህተት አላገኘሁበትም።


ኅዳር 1፣ እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጅረቱ መሻገሪያ ላይ የኋላሸትን አገኘሁት። እየጠበቀኝ ነበር። ድሮ አስተምሬዋለሁ፤ ክፍልፋይ ቶሎ የሚገባው ልጅ ነበር። አሁን ጫካ ካሉት ጋር ነው። ጠመንጃውን ወደ ጀርባው አዙሮ ጉልበቴን ሳመ። የጥሩብርሃንን ደኅንነት ጠየቀ።

ከዚያ «ጋሼ፣ የእንዳላማውን ነገር እናንተው ጨረሳችሁት» አለኝ። «ሥራችንን አቀለላችሁልን።»

አልገባኝም አልሁት።

«ማኅበር ያለውን ሰው መውሰድ ይከብደናል። ያ ሁሉ ቤት ይነሣብናል። ቄስ መስቀል ይዞ ይወጣብናል። ጽዋ የተሻገረውን ሰው ግን የት አደረሳችሁት ብሎ ማን ይጠይቀናል?»

ለደኅንነቱ ብለን ነው አልሁት። በትሕትና ራሱን ነቀነቀ፤ ሽማግሌ ሲሳሳት አይቶ እንደማያርም ሰው። በዓሉን አናረክስም፣ የኅዳር ሚካኤል ይለፍ ብለናል አለ። ወዴት እንደሚወስዱት አልጠየቅሁም። እሱም አልነገረኝም።

ሲሰናበተኝ እንደገና ጉልበቴን ሳመ። እኔም እጄን ራሱ ላይ አድርጌ እግዚአብሔር ይባርክህ አልሁት። ልማድ ነው። ቤት እስክደርስ እጄን ልብሴ ላይ ስጠርግ ነበር።

ነገ በማለዳ ሄጄ ለእንዳላማው እነግረዋለሁ።


ኅዳር 2

አልሄድሁም። ጠዋት ጭጋግ ነበር። ከሰዓት በኋላ እንግዳ መጣ። ነገ።


ኅዳር 3

ምን ብዬ ነው የምነግረው? ሽሽ ልበለው? ወዴት? ደግሞ ከእኔ አፍ ሲሰማ ምን ይላል?

ማዶ ማሳው ላይ ሦስት ናቸው። ደመና አለ።


ኅዳር 4

ዛሬም። ደመናው ጠቁሯል። ያላጨዱት ገና ብዙ ነው።

በጾረና ስለቆሰለ ሰው ምን አስጨነቀኝ? እሱ ከእኔ የበለጠ ያውቅበታል። ይህን ጽፌ ሳነበው አፈርሁ። ግን አልሰርዘውም፤ ይቀመጥ።


ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ጠዋት ለጥሩብርሃን የኋላሸት ያለኝን ነገርኋት። መቼ እንዳገኘሁት ጠየቀችኝ። እሁድ አልኋት። ዛሬ ሐሙስ እንደሆነ አልነገረችኝም፤ ጓዳ ገብታ ሁለት ማጭድ ይዛ ወጣች።

«ያን ጉልበትህን እዚህ ተወውና ና።»

ተከተልኋት። ማሳው ጋ ስንደርስ የብርጓል ቀና ብላ አየችን፤ ሰላምታ ሰጥታን ወዲያው ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሶልያና ግን ቆማ ቀረች። እኔ ከዳር ጀመርሁ። ከብዙ ዓመት በኋላ ማጭድ መያዜ ነው። ጥቂት እንዳጨድሁ እንዳላማው ከኋላዬ መጥቶ የጣልሁትን በግራ እጁ ያስተካክል ጀመር። «ጋሼ፣ መስመር ይጠበቅ፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አለኝ። ሶልያና ሳቀች። ከማኅበሩ ቀን ወዲህ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው።

ነዶ ስንከምር ነገርሁት። እጁን ከነዶው ሳያነሣ ሰማኝ።

«አውቃለሁ ጋሼ። ሶልያና ውኃ ወርዳ ሰምታለች።»

«ታዲያ ለምን አትሄድም?»

«ስንዴው ማሳ ላይ ነው።»

ሌላ ነዶ አመጣ። ከመረውና ዐረፍ አለ። ከዚያ የተናገረውን እንዳለ ልጻፈው፤ እሱ ብዙ አይናገርም።

«የትስ ልሂድ? ባሕር ዳር ብሄድ ጥሎን ሸሸ ይሉኛል። ወንበሩን ለቅቄያለሁ ብል በጠመንጃ አፍ የተናገርሁት ነው። ከተማ ያሉት እንደሚሉት አደባባይ ብወጣም ያው በጠመንጃ አፍ ነው። እኔን የላከኝ የዋንዛ በር ሰው ነው። ትምህርት ቤታችን ለምን ተዘጋ ብለህ ጠይቅ ብላችሁ ነው የላካችሁኝ፤ አንድ ጊዜ ጠይቄያለሁ፣ ሳይመልሱልኝ ስብሰባው አለቀ፣ ደግሜ እጠይቃለሁ። አልፈለግንህም ካላችሁኝ ደግሞ ወንበራችሁን አስረክባለሁ። ይህን ከእናንተ አፍ ሳልሰማ አልለቅም ብዬ ነበር።»

«ነበር?»

«የጥቅምት ሚካኤል ለት የሰማሁ መሰለኝ።»

ለደኅንነትህ ነው የሚለውን ልደግም ነበር፤ ተውሁት።

ምሳ ላይ የብርጓል እህሉን አቀረበችልን። ስትቀዳልኝ ወደ እኔ ሳታይ፣ የኅዳር ሚካኤልን ጠላ እንደጠነሰሰች ነገረችኝ። ብቅሉን ያሰጣችው በመስከረም ነበር። «ለሚካኤል ያልሁትን አላስቀርም መምህር። እናንተ ካልጠጣችሁት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላሉት ነዳያን አጠጣዋለሁ። እነሱ ማን ቤት ነው ብለው አይጠይቁም።»

ማታ ጉልበቴ አብጧል። ጥሩብርሃን በሞቀ ውኃ አሸችኝ።


ኅዳር 6፣ ዓርብ

ቄስ ወልደ ሩፋኤል ዘንድ ሄድሁ። አትክልታቸውን ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። የተሻገረ ጽዋ ከቀኑ በፊት ሊመለስ ይችል እንደሆነ ጠየቅሁ።

መኮትኮቻቸውን ተደግፈው ቆሙ። ያን ለት ዝም ያሉት ሙሴው እኔ ስለሆንሁ እንደሆነ፣ ዝምታቸውን እንደ ስምምነት መቁጠሬን ግን በኋላ እንደተረዱት ነገሩኝ። ከዚያ ለጥያቄዬ መለሱ። ጌቱ ከፈቀደ ይችላል። ግን ተሸክሞ የሚያደርሰው ያሻገረው ራሱ ነው።

«በቀንም ይሁን፣ በሰው ፊት። ሁሉም እያየ የወሰዱትን በጓሮ አይመልሱትም።»

ዳር ዳሩን ሄጄ በጀርባ በር ላስገባው አስቤ እንደነበር ለቄሱ አልነገርኋቸውም።


ኅዳር 8፣ እሁድ

ከቅዳሴ በኋላ አባላቱን ሰበሰብሁ። እንዳላማው እንዳይመጣ ለምኜው ነበር። ውሳኔዬ ስህተት እንደነበር ተናገርሁ። የኋላሸት ያለኝንም ነገርኋቸው። ብዙዎቹ እንደሰሙት ከፊታቸው አየሁ። እስካሁን ያልሰማው የቱ እንደሆነ አላውቅም።

ደመላሽ ተነሣ። ሳይቆጣ ነው የተናገረው። «መምህር፣ እርስዎ ጡረታዎን ይበላሉ። ጡረታ አይቃጠልም። እኔ የሚቃጠል ወፍጮ አለኝ።»

ስለ ወፍጮው ያለው ሐሰት አይደለም። ስለዚህ አልተከራከርሁትም።

ጌቱ ጽዋውን ለመስጠት ፈቀደ። እንዲያውም ቤቱ ከገባ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም አለ፤ ሚስቱ ጽዋው የተቀመጠበትን መደርደሪያ ጀርባዋን ሰጥታ አታልፍም። ግን አብሬዎት አልሄድም፣ ልጆች አሉኝ አለ።

የሚስማማ እጁን ያውጣ አላልሁም። በዚህ ዘመን ማን እጁን አወጣ የሚለው ጥያቄ ምን እንደሚያመጣ አይተናል። ሐሙስ ከቅዳሴ በኋላ ጽዋውን ከጌቱ ቤት አንሥቼ በገበያው መንገድ እንደምሄድ ብቻ ነገርኋቸው። የሚመጣ ይምጣ።

ሰው ሲበተን አንዱ ለሌላው፣ መምህሩ ጉልበታቸው እስከዚያ ያደርሳቸዋል እንዴ ሲለው ሰማሁ። ሌላው ሳቀ። ልከኛ ጥያቄ ነው።


ኅዳር 11

ዝናቡ ወደ ይጁቤ በኩል ዞሮ ሄደ። የእንዳላማው ስንዴ ተከምሯል። ጥሩብርሃን ዳቦ ደፍታለች። ባልተለመደ ሁኔታ ሁለቱንም ነጠላዎቼን አጥባለች።

ጉልበቴ እንደዚያው። ሌላ የምጽፈው የለም።


ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ ሚካኤል

ጌቱ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ እንደተሸፈነ ደጁ ላይ አስረከበኝ። ሚስቱ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ጌቱ አያት፤ ተወችው።

ጽዋው ከመሰለኝ በላይ ይከብዳል። ትከሻዬ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ያዝሁት። ጥሩብርሃን ዳቦውን ይዛ ከኋላዬ ናት። መዝሙሩን ጀመርሁ። ድምፄ ለዜማ አልተፈጠረም፤ ትምህርት ቤት ሳለሁም መዝሙር የሚያስተምሩት ሌሎች ነበሩ። ሁለተኛው ስንኝ ጠፋብኝ። ጥሩብርሃን ከኋላ አነሣችው። እንዲህ ሆነን በሁለት ድምፅ ገበያው ውስጥ ገባን።

ሰው ለሁለት ተከፍሎ አሳለፈን። የዘመረ ግን የለም። ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት ሴት ለማን ነው የሚወስዱት ብላ ጎረቤቷን ጠየቀች። ጎረቤቷ «ለባለቤቱ» ስትል ሰማሁ። ያቺ ቃል ምን ያህል እንዳቀለለችልኝ መግለጽ አልችልም።

ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ቄስ ወልደ ሩፋኤል መስቀላቸውን ይዘው ይጠብቁን ነበር። ከፊት ሆኑ። ከመንገዱ በላይ ጉብታው ላይ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ቆመዋል። ማን እንደሆኑ አልለየሁም። መነጽሬን ቤት ትቼው ነበር።

እንዳላማው ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ በሩ ላይ ቆሟል። ጽዋውን በግራ እጁ ይዞ ቀኙን ከሥር ደገፈበት። ይቅርታ ልጠይቀው ያሰናዳሁት ንግግር ነበረኝ። «ተራህ ነው» ከማለት በቀር ሁሉም ጠፋኝ።

የብርጓል ዳሱን ለመላው ማኅበር አሰናድታ ቄጠማ ጎዝጉዛለች። እኛ ስንቀመጥ ዳሱ ባዶ መሆኑ ይበልጥ ታየ። ሶልያና ግን በየመቀመጫው ፊት ዋንጫ አስቀመጠች፤ አንዱንም አላስቀረችም። ቄሱ ጸሎቱን አሳጠሩት። ከዚያ ደጅ ደጁን እያየን ተቀመጥን።

መጀመሪያ ጌቱ መጣ። ጽዋው ከቤቴ ሲወጣ ቤቱ ባዶ ሆነብኝ ብሎ ከጎኔ ተቀመጠ። ሚስቱ በሩን ስትገባ ጠዋት ያስቀረችውን እልልታ ለቀቀችው። ከዚያ በኋላ አንድ አንድ እያሉ መጡ። ብዙዎቹ በመንገዱ ሳይሆን በባሕር ዛፉ መካከል ነው የመጡት፤ ቅጠል ልብሳቸው ላይ ነበር። እንዳላማው ሁሉንም በስማቸው እየጠራ አስቀመጣቸው። ለምን ዘገያችሁ አላለም።

ደመላሽ መጨረሻ መጣ። እሱ በመንገዱ ነው የመጣው፣ ዱቄት የሸፈነውን ኮቱን እንደለበሰ። በር አጠገብ ተቀመጠ። እንዳላማው ራሱ ቀዳለት።

«ወፍጮውን ለማን ትተህ መጣህ?» አለው።

«ለሚካኤል» አለ ደመላሽ። «ካቃጠሉት እሱን ይጠይቁ።»

ሰው ሳቀ። ዳሱ ያን ጊዜ ዳስ መሰለ። ቢሆንም ግማሹ ዋንጫ ሳይነካ ቀረ።

ሲጨረስ ቄሱ ጽዋውን ባርከው ቀጣዩን ተረኛ ጠሩ። የታኅሣሥ ተረኛ ታዲዮስ ነው። ታዲዮስ አልመጣም። ሁሉም ወደ ዋንጫው አቀረቀረ። ከእንዳላማው እጅ የሚቀበለው ከጠፋ ከመሻገሩ የባሰ ይሆናል። ክፍል ውስጥ ጥያቄ ጠይቄ የሚመልስ ልጅ ሳጣ እንደማደርገው ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ። ከዚያ ራሴን ሳልጠይቅ መቅረቴ ታወቀኝ።

ተነሣሁ። ጉልበቴ ጮኸ፤ ጌቱ ክንዴን ያዘኝ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርሁ።

እንዳላማው ጽዋውን አነሣ። ቀኝ ክንዱ እስከ ደረቱ ደርሶ ቆመ፤ እኔ ዝቅ አልሁለት።

«ይከብዳል ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ተሸክሜው ነው የመጣሁ።»

እስከ ደጄ እየዘመሩ ሸኙኝ። በገበያው መንገድ ነው የሄድነው። እንዳላማው ከፊት ነበር።


ኅዳር 16፣ ሰኞ

ጾም ገብቷል። ከሰዓት በኋላ የኋላሸት መጣ። ብቻውን ነው። ጥሩብርሃን በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ካልዞረ በቀር የማያሳልፍ አቋቋም ነው የቆመችው። ግባ አልሁት።

ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል እጁን ያዝሁት። ገባው። በርጩማ ላይ ተቀመጠና ጠመንጃውን ጉልበቶቹ መካከል አደረገ።

«ጽዋው እርስዎ ዘንድ ነው አሉ።»

«አዎ።»

«ከማን ተቀበሉ?»

«ከእንዳላማው።»

መደርደሪያው ላይ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ የተቀመጠውን አየ። ባርኔጣውን አወለቀ። ጥሩብርሃን ጠላ ቀድታ አጠገቡ አስቀመጠችለት። የማኅበር ቤት ጠላ ብቀምስ ጫካ ላሉት ምን እላለሁ አለ።

«ታኅሣሥ 12 እዚህ ነው» አልሁት። «እንዳላማው በቀኜ ይቀመጣል። ሊወስደው የሚመጣ እዚህ መጥቶ፣ ማኅበሩ እያየ ይውሰደው።»

ለብዙ ጊዜ ባርኔጣውን በእጁ ሲያዞር ቆየ።

«ያን ጊዜ እንዲህ ቢሉ ኖሮ ጅረቱ ላይ አልጠብቅዎትም ነበር።»

መልሱ ተገቢ ነው። ስለ ትምህርት ቤቱ ጠየቀኝ፤ የእሱ ታናሽ እህትም ቤት ከዋለች ቆይታለች። እንዳላማው አጨዳና ውቂያውን ጨርሶ ለሚቀጥለው ስብሰባ እንደሚሄድ፣ ያንኑ ጥያቄ እንደሚደግም ነገርሁት። አልወደደውም፤ አልተቃወመኝም። ተነሣ። በሩ ላይ «እነግራቸዋለሁ» አለ። ምን እንደሚነግራቸው አልተናገረም። ጉብታውን ሲወጣ ጥሩብርሃን እስኪሰወር አየችው።

ብርጭቆውን ሳነሣ ግማሹ ጎድሏል። መቼ እንደጠጣው አላየሁም። ጥሩብርሃንም አላየችም። ብርጭቆውን ለማጠብ ይዛ ሄደችና መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው፣ እንዳለ።

ሲመሽ ሶልያና የሒሳብ ደብተሯን ይዛ መጣች። ማክሰኞ ነገ ነው አልኋት። ነገ ውቂያ ስለሆነ ዛሬ መጣሁ አለች። ያለፉትን ምዕራፎች ብቻዋን ሠርታለች፤ ሁለት ቦታ ተሳስታለች። ስህተቶቿን አሳየኋት። ስትሄድ አባቷ የላከልኝን ነገረችኝ። ለውቂያው ሰው አላነሰንም፣ ጋሼ ጉልበታቸውን አያድክሙ ብሏል።

ነገ ስንዴውን ይወቃል። ጉልበቴ እንደዚያው ነው። እሄዳለሁ።